መሳሙ ይደር

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሁለት መስመር። አንዷ ደማቅ፣ ሌላዋ የሳሳች፤ ግን አለች። ሲስተር ትዕግሥት መመርመሪያውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችና "ያው ነው፣ ኮቪድ ነው" አለችኝ። ይኸኔ ማሰብ የነበረብኝ ስለ ሳንባዬ ነው። እኔ ያሰብኩት ስለ እሁድ ነው።

እሁድ ከእህቴ ጋር ልታረቅ ነው። ነበር ልበል?

ትዕግሥት ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ነርስ ናት። ከጎጃም ተመድባ ነው የመጣችው፤ የቆቦ ሙቀት እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። አስሜን ታውቀዋለች። "አይዞሽ፣ ክትባትሽን ወስደሻል፣ እንደ ያኔው አይደለም። በአፍ የምትስቢው መድኃኒት ከአጠገብሽ አይጥፋ። ከባሰብሽ ጥሪኝ፣ እችለዋለሁ ብለሽ እንዳትተኚ" አለችኝ። በሩ ጋ ደርሳ ደግሞ ዞር አለችና "ማንንም እንዳትስሚ!" ብላኝ ሄደች። እሁድ ምን እንዳለብኝ አልነገርኳትም።

ሮቢት ከተማ ከነበረው ሠርግ ነው ያመጣሁት። ሌላ የት ሄጄ? ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ዓመት እረፍት ተዘግቷል፤ ተማሪዎቼን እንኳ ልከስ አልችልም። ተጠርጣሪዎቼ እነዚህ ናቸው፦

የዳሱ ሸራ። ንፋሱ አቧራ እያመጣ ሲያስቸግር በአራቱም በኩል አወረዱት፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ አየር ሲቀባበል ዋለ።

የሙሽራው አክስት። አንዱን ጉርሻ ሳልውጥ ሁለተኛው አፌ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ "አንድ ያጣላል" እያሉ።

ቪዲዮ ቀራጩ። ሲስል ካሜራው አብሮት ይስል ነበር።

ጉንጭ። የሰው ሁሉ ጉንጭ።

ማስክ ይዤ ሄጃለሁ እኮ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬ እስካሁን ደህና ነው።

ከመሄዴ በፊት ሳላስብበት ቀርቼ አይደለም። አስም አለብኝ፣ ሃምሳን አልፌያለሁ፣ ዳስ እንዴት እንደሚታፈን አውቃለሁ። በሌላ በኩል ሙሽራው በእጄ ያደገ ዘመዴ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ ለቅሶ ሲደራረብ ከርሞ ሰው የሚሰበሰብበት ደስታ ናፍቆኛል። መጨፈርም አምሮኛል። ሚዛኑ ወደ ጭፈራው አደላ። አሁንም አልቆጨኝም። ራያ ሲጨፍር መሬቱ ከሥር እየገፋ ያነሳሻል፤ ጉልበቴ አልታዘዝም ያለኝ በማግስቱ ነው።

የእርቁን ቀን የቆረጡትም እዚያው ሠርግ ላይ ነው። አያ ሰይድ፣ የእናታችን ወንድም፣ እኔን ከዳሱ ወደ ውጭ ጠርተው አናገሩኝ፤ ቀጥለው እሷን። "ሰናይት፣ ዓቢይ ጾማችሁ ሳይገባ ታርቃችሁ ልይ። ከዚህ ወዲያ ጉልበትም የለኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። እሷም እሺ ብላለች። ያን ቀን የጨፈርኩት ለሙሽራው ብቻ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ትኩሳት። መገጣጠሚያዬን ሁሉ ሰው ሲረግጠኝ ያደረ ይመስለኛል። ሳሉ ደረቅ ነው። ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በአጥራችን ሥር ሲያልፍ እየሰማሁ ተኝቼ ዋልኩ።

ባለቤቴ ጌታሁን ሳሎን ተዛውሯል። ምሳዬን በሩ ሥር አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ይሮጣል። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወታደራዊ ሥልጠናውን ዛሬ አስታወሰው።

እኔና ታላቅ እህቴ፣ እቴ ብርቄ፣ የተጣላነው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ይህን ለራሴም ቢሆን አንድ ቀን መጻፍ ነበረብኝ። እማ ያረፈችው ያኔ፣ ኮሮና ሰውን ሁሉ ባስፈራበት ዓመት ነው። የገደላት እሱ አይደለም፤ እርጅናና የከረመ ደረቷ ነው። እቴ ብርቄ ከጎብዬ እየጮኸች መጣች። ድንኳኑን ሰንጥቃ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ እኔ ስትሮጥ እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ማስክ አድርጌያለሁ። መዳፌን እንዲህ ዘረጋሁና አስቆምኳት፤ ትራፊክ መኪና እንደሚያስቆመው። ለቀስተኛው ሁሉ አየን።

ከዚያ ወዲያ ጎብዬ ውስጥ ስሜ "ለእናቷ ለቅሶ ትከሻዋን የነፈገች" ሆነ። እቴ ብርቄ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት፤ ሻይ የጠጣ ሁሉ ወሬውን ጨምሮ ይጠጣል። እኔም ስልኬን ዘጋሁባት። እሷም ደጄን ረሳችው።

ጥፋት ነው ብዬ ዛሬም አላምንም። ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ ብሎ የሚያነጋው እኔ ነኝ። ግን ናፍቃኛለች። ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው እንደዚህ እንደሚናፍቅ ማንም አልነገረኝም።

እንግዲህ በእኛ አገር እርቅ ያለ መሳም የለም። ሽማግሌው መርቆ ሲጨርስ "በሉ ተሳሳሙ" ይላል። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ከዚያ ትከሻ ላይ። ያልሳመ አልታረቀም። "አልስምም" ያለ ደግሞ ሽማግሌ መልሷል፤ ሽማግሌ መመለስ ከጥሉ ይብሳል።

ስለዚህ ዋጃ ለሚኖሩት ለአያ ሰይድ ደወልኩ። ጆሯቸው ደከም ብሏል።

"አያ፣ ኮቪድ ይዞኛል። እሁድ መሳም አልችልም። ቀኑ ትንሽ ይገፋልኝ።"

"ምን? መሳም አትሺም?"

"አልችልም! አል-ችል-ም!"

"አልሻም?"

ሳሉ ያዘኝ። ስዬ ስጨርስ "እሺ ልጄ፣ ሰምቻለሁ፣ አላህ ልብሽን ያራራው" ሲሉኝ ደረስኩ። መልሼ ብደውል ስልካቸው አይሠራም። ጌታሁን በበሩ ቀዳዳ "ጥሩ ተናግረሻል?" አለኝ። በጣም ጥሩ ተናግሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

የፈራሁት ደረሰ። አያ ሰይድ "መሳም አልሻም ብላለች" ብለው ለእቴ ብርቄ ነግረዋታል። ጌታሁን ዛሬ ጠዋት በስልክ አግኝቷቸው እየጮኸ አስረዳቸው፤ "ኧረ? ታማ ነው?" ብለው አዘኑ። እቴ ብርቄን ግን የሚመልሳት አልተገኘም። ያለችው ቃል በቃል ደርሶኛል፦

"ኮሮና የሚይዛት እኔን የምትስምበት ቀን ሲቆረጥ ነው? ሮቢት ሠርግ ላይ ዓለሙን ሁሉ ስትስም በዓይኔ አይቻታለሁ!"

እውነቷን ነው። ዓለሙን ሁሉ ስሜያለሁ። የያዘኝም ለዚያ ነው! ግን ይህን ለሰው ስትነግሪው የውሸት ይመስላል።

ደግሞ የሚያምነኝ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ኮሮና አልቋል ባይ ነው። በአጥሩ ላይ ዳማከሴ ወረወሩልኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ላኩልኝ፣ "ጉንፋን ነው፣ ላብሽ ይውጣ" አሉኝ። ዳማከሴውን አሸተትኩት። እንደ ሣር ነው፣ ምንም የለውም። ሽንኩርቱንም አኘክሁት፤ ምንም። ምላሴ የሰው ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲቀንስልኝ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሁሉም ጉንፋን ነው ካለ፣ ለምን ጉንፋን አይሆንም? እሁድ ጠዋት ማስታገሻ እውጣለሁ፣ ሳሌን እይዛለሁ፣ ጎብዬ እወርዳለሁ፣ እስማታለሁ። አለቀ። ማን ያውቅብኛል? ትዕግሥት ሥራ ላይ ናት። ያች የሳሳች መስመር ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ናት።

እቴ ብርቄ ግን ስድሳን አልፋለች፣ ስኳር አለባት። አያ ሰይድ ነፍሳቸው በአንድ ክር ነው የተንጠለጠለች። ብስማት ደግሞ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፤ ስንቱ ይዞት ሳያውቀው አለፈ። ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሊሆኑም ይችላሉ። ያን ጊዜ ያስቆምኳት ለራሴ ፈርቼ ነው። አሁን የምፈራው ለእሷ ነው። ከውጭ ለሚያየኝ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ እጅ ዘርግቶ ማስቆም ነው።

አልሄድም። ወሰንኩ። ወስኜ ደግሞ ትራሴ ውስጥ አለቀስኩ፤ ማልቀስ ለአስም ጥሩ አይደለም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ደፍሬ ራሴ ደወልኩላት። ከእማ ለቅሶ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጥሯን አልሰረዝኩትም፤ እሷም የኔን እንዳልሰረዘች ያወቅሁት በመጀመሪያው ጥሪ ስታነሳው ነው።

"ሃሎ" አላለችም። ከጀርባዋ ብርጭቆ ይንኳኳል፣ የጭነት መኪና ያልፋል። ልናገር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አስተማሪ አይደለሁ? "እቴ" ብዬ ጀመርኩና ሳሉ መጣ። ከዚያ ደረቴ ተዘጋ፤ ያ ፉጨቱ ጀመረ። መድኃኒቴን ሳብኩ፣ ቆየሁ፣ ደግሜ ሳብኩ። ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው። ትንፋሼ ሲመለስ አንስቼ ባየው መስመሩ አልተዘጋም።

"አለሽ?" አልኳት።

ዘጋችው።

ይኸው ነው ድሌ። አንድ ቃል አስተነፈስኩ፣ እሱንም እኔው ነኝ የተናገርኩት። ትዕግሥት መጥታ ደረቴን አዳመጠች፤ ጣቴ ላይ የምታደርጋት መለኪያ ጥሩ ቁጥር አሳየች። "ሳንባሽ ደህና ነው፣ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ። ጊዜው መጣና ሁሉንም ነገርኳት። ስትሰማ ቆየችና "በኛ አገር ቢሆን በመድኃኔ ዓለም ትምላላችሁ፣ ያልቃል። እናንተ ደግሞ ካልተላላሳችሁ አይሆንላችሁም" አለች። ሳቅሁ። ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ተሻለኝ! ጌታሁን ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲያቃጥል ሸተተኝ። "እያሳረርከው ነው!" ብዬ ከአልጋዬ ስጮህ እሱም በደስታ ጮኸ። በዚህ ቤት በቃጠሎ እንደዚህ ተደስተን አናውቅም።

አያ ሰይድ ነገ ይመጣሉ። "ሽማግሌ በስልክ አይመለስም፣ ቃሏን ከአፏ ልስማ" ብለዋል። እምቢ አይባሉም። ትዕግሥት ሕግ አወጣች፤ ቤት መግባት የለም፣ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፏ ሥር፣ እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል፣ ሁላችንም ማስክ።

እንግዲህ እሳቸው ሲያዩኝ እርቅ እንዳልጠላሁ በምን ይወቁ? ቃሌን አይሰሙም፤ በማስክ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ፊቴም አይታይም። መሳም የለም። እግር ላይ መውደቅ መቅረብ ይጠይቃል። ስፈትሽ ስፈትሽ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ድንጋይ። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቆማል፤ ይቅር ሲባል ያወርዱለታል። ከሩቅ ይታያል፣ ድምፅ አይፈልግም። አያቶቻችን ለኮሮና ብለው ያወጡት ነው የሚመስለው።

ጌታሁንን የግቢ በር የምንደግፍበትን ድንጋይ እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። አመዛዘነውና "ይቺ ለትንሽ ጥፋት ናት" አለኝ።

"ጥፋት የለብኝም አልኩህ።"

"ታዲያ ለምን ትሸከሚያለሽ?"

"ዝም ብለህ አምጣው!"

አመጣው። አጥቦ ነው ያመጣው፣ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ነገር።

እሁድ፣ ጥር 25

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የባጃጅ ድምፅ ስሰማ ኒሟ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ማስኬን አደረግሁ፣ ነጠላዬን አገለደምኩ፣ ጌታሁን ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስቀመጠልኝና ሸሸ። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ነው የማየው። በሩ ተከፈተ። የአያ ሰይድን ምርኩዝ አየሁ፣ ጫማቸውን አየሁ፣ ማስኩን አገጫቸው ላይ አድርገውት እንደሚሆን ሳላይ አወቅሁ። ከእሳቸው ኋላ የሴት እግር ተከተለ። የማውቀው እግር። የግራው አውራ ጣት በልጅነታችን በማሽላ አገዳ የተቆረጠ።

ቀና አልኩ። ድንጋዩ ለጥቂት ነው ያልወደቀብኝ። እቴ ብርቄ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማለች፤ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ! ከጎረቤታችን የግንብ ድንጋይ ክምር ነው ያነሳችው፤ ሲሚንቶ አለበት።

እኔ ከዚህ ጎንበስ፣ እሷ ከዚያ ጎንበስ። ጌታሁን አፉን ያዘ። አያ ሰይድ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሷ ተገላመጡ።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሁለታችሁም ከተሸከማችሁ ተበዳዩ ማነው?"

"የበደልኩ እኔ ነኝ" አለች እቴ ብርቄ። "እህቴ ትንፋሽ እያጠራት በየሻይ ብርጭቆው ስሟን ስሸጥ የከረምኩ። ዓርብ በስልክ ሰማኋት። ያ የእማ ሳል ነው። ሰው በውሸት እንደዚያ አይስልም።"

"አንቺ አይደለሽም!" አልኩ እኔ።

"ነኝ አልኩሽ!"

"አንቺ እናትሽ ሞታብሽ ነው የመጣሽ፣ ትከሻ ብትፈልጊ ምን ጥፋት አለው?"

"አንቺስ? ሳንባሽን አውልቀሽ ትሰጪኝ ኖሯል?"

ግቢውን በጩኸት አናጋነው። አጥሩ ላይ የጎረቤት ራስ ተሰለፈ። አያ ሰይድ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ፦ "በሉ ደግሞ በዚህ አትጣሉ! እኔን አንገቴን አመመኝ፣ አውርዱት!"

ወደ እኔ ልትራመድ ስትል "ቁሚ!" አለች ትዕግሥት ከቤቷ ብቅ ብላ። እቴ ብርቄ ቆመች። ያ ቀን ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ትዕግሥት ግን ጓንቷን እያጠለቀች "እኔ አለሁ አይደል? ምን እንደማወርድ ብቻ ንገሩኝ" አለች።

አያ ሰይድ ፈገግ አሉ። "ብርቄ፣ ይቺን ልጅ ወክዬሻለሁ በያት። የሷ እጅ ያንቺ እጅ ይሁን። ሰናይት፣ አንቺም ባልሽን።"

"ወክዬሻለሁ ልጄ" አለች እቴ ብርቄ። ትዕግሥት ድንጋዬን አነሳችና "ከባድ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች። ጌታሁን የእቴ ብርቄን አነሳ። ሁለቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አንገቴን ቀና ሳደርግ እህቴን አየሁ። ፀጉሯ በሙሉ ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም ነበር።

አያ ሰይድ ዱዓ አደረጉ፣ እኛ አሜን አልን። "ልባችሁን አንድ ያድርገው። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። በሉ ተሳ..." አሉና አቋረጡት። ሁላችንም ተሳቀቅን። ትንሽ አሰቡና "መሳሙ ይደር" አሉ። "የታረቀ ሰው መሳሙ ቢያድር አይሻግትም።"

ምሳ በላን፤ እኔ በራሴ ሰሐን ኒሟ ሥር፣ እነሱ በረንዳው ላይ። ግቢውን አቋርጠን እየጮህን ተጫወትን። የሚያስደንቀው፣ እቴ ብርቄ ስለ ወጡ ጨው አማረረች፤ እኔ ደግሞ ጨዉ ታወቀኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

መስመሩ አሁንም አለ፣ ይበልጥ ሳስቷል። እኔ ግን ደህና ነኝ። ደረጃ መውጣት ብቻ ያደክመኛል፤ ደስ የሚለው ቆቦ ውስጥ ብዙ ደረጃ የለም።

እቴ ብርቄ በቀን ደጋግማ ትደውላለች። የምንነጋገረው ስለ ምንም ነው። ስኳር እንደ ተወደደ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የጎብዬ ውሻ ሁሉ ሻይ ቤቷ በር ላይ እንደሚተኛ። እኔ እየሰማሁ ልብስ አጣጥፋለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ነው የናፈቀኝ። ቁም ነገርማ ከሰው ሁሉ ጋር ይወራል።

ጎረቤታችን መጥቶ ድንጋዩን ጠየቀ። ጌታሁን አልሰጥም አለው። በግንቡ ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ትቀራለች እንግዲህ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

አንድ መስመር! ትዕግሥት አየችው፣ ጌታሁን አየው፣ እኔ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት። አንድ ብቻ። ነገ ጎብዬ እወርዳለሁ ብዬ ቀሚሴን ተኮስኩ። ያደረውን መሳም ልወስድ።

ከዚያ እቴ ብርቄ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ሰው ነው። "አትምጪ" አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት፣ ራስ ምታት። ጤና ጣቢያ ሄዳለች፤ ሁለት መስመር።

ከእኔ ይሆን? ግቢው ሰፊ ነበር፣ ንፋስ ነበር፣ አልቀረብኳትም፣ ማስክም አላወለቅሁም፣ ስበላ ብቻ ነው... ለትዕግሥት ሁሉንም ዘረዘርኩላት። "ማክሰኞ የት ነበረች?" አለችኝ። የማኅበር ድግስ ላይ ነበረች፤ ራሷ ነግራኛለች፣ ቤት ሙሉ ሰው፣ በር ተዘግቶ። "በዚያ ነው የሚሆነው" አለች ትዕግሥት። ይሆናል ማለት እንጂ ነው ማለት አይደለም። ስኳሯ ነው የሚያስፈራኝ። ሻይ ቤቱን ዘግታለች፤ ሰው ከመንገድ ሆኖ ነው እንዴት አደርሽ የሚላት። ውሃ የሚያቀብላት የለም።

ብሄድስ? ትዕግሥትን ጠየቅሁ። "አሁን ያገገመ ሰው ቶሎ አይደገምበትም። ግን ዋስትና አልሰጥሽም፣ አስምሽን ታውቂዋለሽ" አለችኝ። ጌታሁን አጥሚት የሚሆን እህል ገዝቶ መጣ።

እሁድ፣ የካቲት 2

ይህን የምጽፈው ጎብዬ፣ ከሻይ ቤቱ ጀርባ፣ እቴ ብርቄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ተኝታለች። ትኩሳቷ ወርዷል። ስኳሯን ጠዋት ጤና ጣቢያ አስለካን፤ ከፍ ብሏል ግን አያሰጋም ብለዋል። ነገ ጠዋት ደግመን እናስለካለን።

ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ ሳደርገው ከአልጋዋ ላይ ቀና አለችና "አትግቢ!" አለችኝ። "አስም አለብሽ፣ አትግቢ፣ ሰናይት ሙች አልኩሽ!" መዳፏን ዘረጋችብኝ። ልክ እንደ እኔ።

ቆምኩ። ያኔ እሷ የቆመችበት ቦታ እንዲህ ነው ለካ። እንዴት ያለ ርቀት ነው! ስንት ዓመት እንደቆመች ገባኝ።

አጥሚቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ መድኃኒቴን ከኪሴ አውጥቼ አንዴ ሳብኩ፣ መስኮቱን በረገድኩት። ማስኬን አፍንጫዬ ላይ አጠበቅሁ። ከዚያ እጇን አልፌ ሄጄ አቀፍኳት። መጀመሪያ ገፋችኝ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። "እማዬን!" አለች፤ "እማዬን እኮ!" እያለች አለቀሰች፤ ዛሬ የሞተች ያህል። እኔም አብሬ አለቀስኩ። እማ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አላለቀስንም፤ ለየብቻችን የሚለቀስ ለቅሶ አያልቅም። ማስኬ በእንባ ረጠበ፤ አውልቄ ጣልኩትና ጉንጯን ሳምኳት። ትኩስ ነው። ትዕግሥት ይህን ባታነብ ይሻላል።

አጥሚቱን ጠጣች። "ጨው የለውም" አለች። ጨው ነበረው። እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ፣ ያች ወሬ የማያመልጣት ባለ ሱቅ፣ በመስኮቱ ማዶ ከመንገዱ ላይ ቆማ ተጣራች።

"ብርቄ፣ እንዴት ዋልሽ? ለመሆኑ ከማን ያዘሽ?"

"ከእህቴ!" አለች እቴ ብርቄ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ።

"ከየቷ እህትሽ?"

"ስንት እህት አለኝ?"

ባለ ሱቋ አንገቷን አሰገገች፦ "ታርቃችኋል እንዴ?"

"ታዲያ ሳልስማት በምን ይይዘኛል?"

ስሕተት ነው። ከማኅበሩ ነው፤ የያዛትም ከመሳማችን በፊት ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ስሕተት ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ወደ መስኮቱ ብቅ አልኩና ሴትዮዋን በእጄ ሰላም ብቻ አልኳት።